የማይታዩት ቧንቧዎች፦ ስለ ቀጫጭን የደም ሥሮችና ስለ እርጅና ድካም የታሪክ ማስታወሻ

የማኅበራችን ዓመታዊ መጽሔት አዘጋጆች ለዘንድሮው እትም ስለ ቧንቧ ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ሙያዬ የውሃ ምሕንድስና፣ መኖሪያዬም አቃቂ ነው። አቃቂ ደግሞ ስለ ውሃ ለሚጽፍ ሰው ርእስ የሚነጥፍበት ስፍራ አይደለም። ታላቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች የሚገቡበት የአባ ሳሙኤል ግድብ ከዚያው ከደጃችን ነው፤ አዲስ አበባ ከምትጠጣውም ውሃ ከፊሉ ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች እየተገፋ ሽቅብ የሚወጣ ነው። ይሁን እንጂ መጻፍ በጀመርሁበት ሰሞን በቤታችን የደረሰው ነገር አሳቤን ከብረቱ ቧንቧ አንሥቶ ወደ ሌላ ዓይነት ቧንቧ መለሰው። አዘጋጆቹ የጠየቁኝን ሙሉ በሙሉ ስላልፈጸምሁ ይቅርታቸውን እየለመንሁ፣ የምጽፈው ግን ያው የቧንቧ ታሪክ መሆኑን አስቀድሜ ላሳውቅ እወዳለሁ።

አባቴ በአካባቢያችን ከሚገኙት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ ከወጣትነታቸው ጀምሮ እስከ ጡረታ የሠሩ፣ ዛሬ ሰባ አምስት ዓመት የሞላቸው ሰው ናቸው። የሌሊቱን ፈረቃ ጨርሰው ከፋብሪካው እስከ ቤታችን በእግራቸው ሲመጡ የሚቀድማቸው እንዳልነበረ ጓደኞቻቸው ሲናገሩ እሰማ ነበር። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን እርምጃቸው አጠረ። የደብረ ዘይትን መንገድ ለመሻገር አስፋልቱ ዳር ቆመው ብዙ መኪና ያሳልፋሉ፤ የጠርሙስ ክዳን መክፈት ያቅታቸዋል፤ ሰፊ የነበረው ኮት በትከሻቸው ላይ ይንጠለጠላል። ወደ አንድ የሕክምና ጣቢያ ደጋግሜ ወስጃቸው ነበር። በየጊዜው የሚሰጠን መልስ «እርጅና ነው» የሚል ሲሆን፣ ከመልሱ ጋር የመገጣጠሚያ ሕመም ማስታገሻ ይታዘዝልናል። በሌላ ስፍራ አንዲት ወጣት ነርስ የክንድ መጠቅለያውን አስራ ስትለካ የላይኛው የደም ግፊት 190 ሆኖ ተገኘ። ኋላም የአንጎላቸው ሥዕል በተነሣ ጊዜ ሐኪሙ በውስጠኛው ክፍል የሚታዩትን ነጠብጣቦች እያሳየ፣ ችግሩ ከትንንሾቹ ሥሮች መሆኑን አስረዳኝ። በሙያዬ ስንት ጊዜ ያየሁት ነገር ነው! ዋናው መስመር ውሃ ሞልቶት ሳለ በየቤቱ የሚገባው ቀጭን ቧንቧ በዝገት ስለ ጠበበ ብቻ ሰፈሩ ይጠማል። እኔ ግን በሰው ገላ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሊኖር እንደሚችል አስቤ አላውቅም ነበር።

ከዚህ በኋላ ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ ማንበብ ጀመርሁ፤ ያስደነቀኝም ታሪኩ የሐኪሞች ብቻ አለመሆኑ ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ ደም ከልብ ወጥቶ ወደ ልብ የሚመለስ አንድ የዞረ ጉዞ እንዳለው እ.ኤ.አ. በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ አስረዳ። ከእርሱ ብዙ መቶ ዓመታት አስቀድሞ ዐረባዊው ሊቅ ኢብን አልነፊስ ደም ከልብ ወደ ሳንባ ሄዶ እንደሚመለስ ጽፎ ነበር። ሃርቪ የደሙን መጠን አስልቶ መዞሩን ቢያረጋግጥም፣ ከደም ቅዳው ወደ ደም መልሱ የሚያሻግረውን ድልድይ በዓይኑ አላየም። መኖር እንዳለበት በስሌት ብቻ ነበር የተረዳው። ድልድዩን ያየው ጣልያናዊው ማርቼሎ ማልፒጊ ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1661 ነው። የእንቁራሪት ሳንባ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት እጅግ ቀጫጭን የሆኑ ሥሮች መረብ ሠርተው አገኛቸው። እኛ ዛሬ ካፒላሪ የምንላቸው እነዚህ ናቸው። ማልፒጊ የተወለደው የሃርቪ መጽሐፍ በታተመበት በዚያው ዓመት ነው፤ ለነገሩ ምንም የማይጨምር ግጥጥሞሽ ቢሆንም ሳልጠቅሰው ማለፍ አልፈለግሁም።

ግፊቱን የለካው ደግሞ ሐኪም ሳይሆን ቄስ ነው። እስቲቨን ሄልስ የተባለ የእንግሊዝ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1733 ባወጣው መጽሐፍ፣ በአንዲት ባዝራ ደም ቅዳ ውስጥ የናስ ቱቦ ሰክቶ ከረጅም የመስታወት ቱቦ ጋር በማያያዝ ደሙ ወደ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ብሎ መቆሙን ገለጸ። የሙያ ባልደረቦቼ ይህ ምን እንደ ሆነ ወዲያው ያውቁታል። በቧንቧ መስመር ላይ ግፊት ለማወቅ ቀጥ ያለ ቱቦ የምናቆመው በዚሁ ዘዴ ነው።

ትልቁ እርምጃ የመጣው ከመቶ ዓመት በኋላ ሲሆን፣ የእኛም ሙያ በግልጽ የሚገባበት ከዚህ ላይ ነው። ዣን ፖዋዜይ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ደም በቀጫጭን ሥሮች ውስጥ እንዴት እንደሚፈስ ማወቅ ፈልጎ፣ በደም መሥራት ስለ ከበደው እጅግ ቀጫጭን የመስታወት ቱቦዎች አዘጋጅቶ ውሃ አሳለፈባቸው። በዚያው ዘመን፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1839፣ ጎትሒልፍ ሃገን የተባለ የፕሩስያ የውሃ መሐንዲስ ስለ ደም ምንም ሳያስብ በናስ ቱቦዎች ተመሳሳይ ሙከራ አድርጎ ተመሳሳይ ውጤት አሳተመ። ሁለቱ ሳይተዋወቁ የደረሱበት ሕግ ዛሬ በሁለቱም ስም ይጠራል። በዩኒቨርሲቲ ሁላችንም ተምረነዋል፤ ፈተና ካለፍን በኋላ ስንቶቻችን እንዳስታወስነው ግን አላውቅም።

ሕጉ የሚለው፣ ረጋ ብሎ በሚሄድ ፈሳሽ የፍሰቱ መጠን በቧንቧው ራዲየስ አራተኛ ርቢ ይወሰናል ነው። የራዲየሱ አንድ አሥረኛ ቢቀንስ ፍሰቱ የሚቀንሰው በአንድ አሥረኛ ሳይሆን ከሢሶ በላይ ነው። ራዲየሱ በግማሽ ቢቀንስ፣ ግፊቱ ሳይለወጥ ቀድሞ ከሚያልፈው የሚያልፈው አንድ አሥራ ስድስተኛው ብቻ ይሆናል። የቀድሞውን ፍሰት ለመመለስ ፓምፑ አሥራ ስድስት እጥፍ ግፊት መስጠት አለበት ማለት ነው። እርግጥ ደም ውሃ አይደለም። ካፒላሪው ከሰባትና ከስምንት ሺሕኛ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስለ ሆነ፣ ቀይ የደም ሕዋሳት በውስጡ የሚያልፉት አንድ በአንድ ተሰልፈው፣ አንዳንዴም ተጣጥፈው ነው። ስለዚህ ሕጉ እንዳለ አይሠራበትም። ነገር ግን ከካፒላሪው ቀድመው በሚገኙት፣ ግድግዳቸው ጡንቻ በሆነው ጥቃቅን ደም ቅዳዎች ላይ ፍርዱ ያው ነው፤ የግፊቱ አብዛኛው ክፍል የሚወርደውም በእነዚሁ ነው። እነዚህ የገላ ቫልቮች ናቸው። ሲጠነክሩና ሲጠቡ ልብ ጉልበት ይጨምራል፤ ግፊቱም ይነሣል። የተነሣው ግፊት ደግሞ ሥሮቹን መልሶ ያወፍራቸዋል። በዚህ ዓይነት ዑደት የተያዘ ፓምፕ በእኛ ጣቢያ ቢኖር ኖሮ በመጀመሪያው ወር ሪፖርት ይደረግ ነበር።

ሐኪሞቹ ይህን ከአስከሬን ምርመራ ያገኙት ቀስ በቀስ ነው። በለንደን ሪቻርድ ብራይት እ.ኤ.አ. በ1827 የኩላሊትን በሽታ ገለጸ፤ ጆርጅ ጆንሰን በዚሁ በሽታ የትንንሾቹ ደም ቅዳዎች ግድግዳ መወፈሩን አሳየ፤ ጋልና ሳተን የተባሉት ሁለት ሐኪሞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1872 በሽታው በኩላሊት ብቻ ሳይወሰን በመላው ገላ ያሉትን ጥቃቅን ሥሮች እንደሚይዝ ተናገሩ። በአንጎል በኩል ዱራን ፋርዴል፣ ቢንስዋንገርና ፒየር ማሪ በየተራ የተመለከቱትን ነገር፣ በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ካናዳዊው ሚለር ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጥንቃቄ መርምሮ ከቀጫጭኑ ሥሮች መዘጋት ጋር አያያዘው። በአንጎል ሥር ካሉት ትልልቅ ደም ቅዳዎች ላይ እንደ ክር የቀጠኑ ሥሮች በቀጥታ ተገንጥለው ወደ ውስጥ ይገባሉ። ሌላ ሥር ስለማይደግፋቸው፣ አንዱ ሲደፈን ከጤፍ ቅንጣት እስከ ባቄላ የሚያህል ጉድጓድ በአንጎል ውስጥ ይቀራል። አንባቢዬ መሐንዲስ ስለ ሆነ ነገሩን በአጭሩ ልግለጸው፤ ግፊት መቀነሻ ሳይደረግለት ከዋናው መስመር በቀጥታ የተሰጠ የቤት ቅጥያ ነው።

ግፊትን ሰውን ሳይወጉ መለካት የተቻለው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። ጣልያናዊው ሪቫ ሮቺ የክንድ መጠቅለያውን የሠራው ከብስክሌት ጎማ ከመነዳሪ ነበር። ሩስያዊው የጦር ሐኪም ኮሮትኮፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1905 በማዳመጫው የሚሰማውን ድምፅ ከአንድ ገጽ ባነሰ ጽሑፍ አስታወቀ። ነርሷ አባቴን የለካችው በመሠረቱ በዚሁ ዘዴ ነው።

ይህን ዓመት አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ወደ አገራችን ታሪክ ስለሚያመጣኝ ነው። በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ የአንድ ሰው የደም ሥር መላ አገሩን ያናወጠበት ዘመን ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት ይጀምራልና።

ዐፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ ተወለዱ። ስለ ሥልጣኔ ያላቸውን ጉጉት ሁሉ ሰው ያውቀዋል፤ ለእኛ ሙያ የቀረበውን ብቻ ላንሣ። በስዊሳዊው መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1894 የምንጭ ውሃ ከእንጦጦ በኩል በቧንቧ ተስቦ ግቢያቸው ገባ። የውሃው ነገር ዝቅ ብሎ ሄዶ እንደገና ወደ ኮረብታ መውጣቱ ለዘመኑ ሰው ተአምር ነበር። የባቡር መንገዱም ስምምነት የተሰጠው በዚሁ ዓመት ለኢልግ ነው። እንዲህ ያሉት ሰው በ1898 ዓ.ም. በ61 ዓመታቸው በድንገት ታመሙ። ዛሬ ስትሮክ የምንለው የመጀመሪያው ምት ነበር። ኮሮትኮፍ ጽሑፉን ካወጣ ገና አንድ ዓመቱ ነው፤ ግፊቱ ቢለካ እንኳ የሚያወርደው አስተማማኝ መድኃኒት በዓለም ላይ አልነበረም፤ ያ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱን የመታቸው ከትልቁ ሥር ይሁን ከትንሹ፣ ይህ ጽሑፍ ሊፈርድ አይሞክርም። የሕመሙ አካሄድ ግን በአንድ ጊዜ የወደቀ ግንብ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ የወረደ ነው። ይሻላቸዋል፤ እንደገና ይመታቸዋል፤ ከቀድሞው ዝቅ ብለው ይነሣሉ። ጠበል ፍለጋ ደብረ ሊባኖስ ድረስ ወርደዋል። ድካማቸውን ያወቁት ራሳቸው ይመስላል፤ ጥቅምት 1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሾመው ሥራውን አከፋፈሉ። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. የደረሰባቸው ምት ከሁሉ የከፋ ሆነና አንደበታቸውንና አካላቸውን ያዘ፤ በዚያው ወር የልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽነት በዐዋጅ ተነገረ። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ከአራት ዓመት በላይ በሕይወት ቆይተዋል፤ አልገዙም፤ አልሞቱምም። እቴጌ ጣይቱ አስታማሚም አስተዳዳሪም ሆነው ቆዩና በመጋቢት 1902 ዓ.ም. በመኳንንቱ ከሥልጣን ተገለሉ፤ የቀራቸው ማስታመሙ ብቻ ሆነ። እንደራሴው ራስ ተሰማ ናደውም በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ሞቱ። ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ ሳይነገር ቆየ።

የታሪክ ጸሐፊዎች በዚህ ዘመን ላይ የሚያተኩሩት በመኳንንቱ ሽኩቻ ነው። እኔ ግን አባቴን ማስታመም ከጀመርሁ ወዲህ የማስበው በዚያ አልጋ ዙሪያ ስለ ነበሩት ሰዎች ነው። አቅም ያጣ አረጋዊ ያለበት ቤት ሁሉ ትንሽ ቤተ መንግሥት ነው። ማን ያጎርሳል፣ ማን ያድራል፣ ማን ይፈርማል፣ ለእንግዳ ምን ይነገራል የሚለው ክርክር በእኛም ቤት ደርሷል። እኅቴ ሥራዋን ትታለች፤ እኔ አልተውሁም። ይህን የምጽፈው ለሙገሳ አይደለም።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አይገባኝም። ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚቀጥለው የባቡር መንገድ አዲስ ስምምነት በ1900 ዓ.ም. የተፈረመው በንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም፣ የጓደሉፕ ተወላጅ በሆኑት በዶክተር ቪታልየን ስም ነው። ሐኪሙ በአንድ እጃቸው የንጉሡን የእጅ ትርታ፣ በሌላው የሐዲዱን ውል ይዘው ነበር ማለት ነው። ሐዲዱ አቃቂ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1915፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ሲሆን፣ ያስጀመሩት ንጉሥ ግን ባቡሩን በከተማቸው ሳያዩ አለፉ። አቃቂ የፋብሪካ መንደር የሆነችው በኋላ በዚህ ሐዲድና በደብረ ዘይት መንገድ ምክንያት ነው፤ አባቴም ከገጠር መጥተው ሸማኔ ማሽን ላይ የቆሙት በዚሁ የተነሣ ነው።

«አቅመ ደካማ» የሚለው ቃል በአገራችን የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ድኻውንም፣ በሽተኛውንም፣ አረጋዊውንም አንድ ላይ የሚጠቀልል ሆኗል። ሳይንሱ ግን ለድካሙ መለኪያ አበጅቶለታል። ሊንዳ ፍሪድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆኑ ከ5000 የሚበልጡ ሰዎችን ተመልክተው አምስት ምልክቶችን አስቀመጡ፤ ሳይፈለግ መክሳት፣ የድካም ስሜት፣ የእጅ ጭብጥ መላላት፣ የእርምጃ መዘግየትና የእንቅስቃሴ ማነስ ናቸው። ሦስቱና ከዚያ በላይ የተገኙበት ሰው አቅሙ የተዳከመ ይባላል። ከተጠኑት መካከል እንዲህ ሆነው የተገኙት ከመቶ ሰባት ገደማ ብቻ መሆናቸውን ሳነብ፣ «እርጅና ነው» የተባልንባቸው ቀናት ታወሱኝ። እርጅና ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁሉም በሆኑ ነበር።

በአውሮፓ 11 ማእከላት 639 አረጋውያንን ለዓመታት የተከታተለ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በአንጎል ውስጠኛ ክፍል በሥዕል የሚታየው የትንንሽ ሥሮች ጉዳት በበዛ ቁጥር እርምጃ እንደሚዘገይ፣ ሚዛን እንደሚጠፋና ሰውየው የዕለት ተግባሩን ራሱ ማከናወን እንደሚሳነው አሳይቷል። በጡንቻም በኩል ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ዴንማርካዊው አውጉስት ክሮግ እ.ኤ.አ. በ1920 የኖቤል ሽልማት ያገኘው የጡንቻ ካፒላሪዎች እንደ ሥራው ብዛት መከፈት መዘጋታቸውን በማጥናቱ ነው። ከእርጅና ጋር እነዚህ ሥሮች ይሳሳሉ፤ ሰውነትን በማሠራት ደግሞ ይጨምራሉ። የሥሩ መጎዳት ድካሙን ያመጣል ወይስ ድካሙ ሥሩን ይጎዳል የሚለው ክርክር አልተቋጨም፤ እንደ እኔ ግምት ሁለቱም እርስ በርስ ይመጋገባሉ።

ይህ የፈረንጅ አገር ነገር ነው የሚል ባልደረባ እንዳይኖር አንድ ቁጥር ልጨምር። ከ25 እስከ 64 ዓመት የሆናቸው የአዲስ አበባ ነዋሪዎች የተመረመሩበትና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ ከመቶው 30 የሚሆኑት ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳላቸው ገልጿል። ይህ የአረጋውያን ቁጥር አይደለም፤ ይህን መጽሔት የሚያነቡት ሰዎች ዕድሜ ነው።

«ካረጁ በኋላ ማከም ምን ይጠቅማል» ለሚለው መልስ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ዕድሜያቸው 80 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 3845 ሰዎች በተካፈሉበት ሙከራ፣ የግፊት መድኃኒት የወሰዱት ወገኖች ሞት በ21 በመቶ ቀነሰ። ነገር ግን ሙከራው ያነጣጠረው የላይኛውን ግፊት ወደ 150 ለማውረድ ነበር እንጂ ከዚያ በታች አልነበረም፤ ሐኪሙም ለአባቴ ያደረገው ቀስ እያለ ማውረድ ነው። ምክንያቱን ሲነግረኝ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። በጠበበ መስመር ላይ ግፊቱን በአንድ ቀን ብታወርደው መጀመሪያ የሚደርቀው በኮረብታ ላይ ያለው ቤት ነው፤ በሰው ገላ ውስጥ የኮረብታው ቤት አንጎል ነው። አረጋዊው ከአልጋው ሲነሣ ዞሮበት የሚወድቀውም በዚህ የተነሣ ነው።

የአባ ሳሙኤል የኃይል ማመንጫ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ከኖረ በኋላ በቻይና እርዳታ ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2016 እንደገና ሥራ መጀመሩን አንባቢ ያስታውሳል። የአንጎልን ጉዳት በዚህ መልክ ማደስ አይቻልም፤ የጠፋው ጠፍቷል። የሚቻለው የቀሩትን ሥሮች መጠበቅ ነው። እኛ በየጣቢያው የፓምፑን ግፊት በየሰዓቱ እየለካን በመዝገብ የምንጽፍ ሰዎች፣ የራሳችንን ግፊት በዓመት አንድ ጊዜ ለመለካት ሰበብ እንፈልጋለን። እኔም የለካሁት አባቴ ከታመሙ በኋላ ነው፤ የላይኛው 148 ሆኖ አገኘሁት። የ36 ዓመት ሰው ነኝ።

አሁን በቤታችን አንድ የሥራ ደብተር አለ። ከሥራዬ ቦታ እንዳመጣሁት ዓይነት ሆኖ ቀን፣ ሰዓት፣ የላይኛው፣ የታችኛው የሚሉ አምዶች የተሰመሩበት ነው። አባቴ ጠዋት ከጸሎታቸው በኋላ ክንዳቸውን ይዘረጋሉ፤ እኅቴ ትለካለች፤ ቁጥሩን የሚጽፉት ራሳቸው ናቸው። ከፋብሪካው የለመዱት ስለ ሆነ አንድም ቀን አልዘለሉም። በመጨረሻው አምድ ላይ ደግሞ እኔ ያላዘዝሁትን ሌላ ቁጥር ይጽፋሉ። ከበራችን እስከ አስፋልቱ ድረስ ሄደው ለመመለስ የፈጀባቸውን ደቂቃ ነው። ባለፈው መስከረም 19 ነበር፤ ይህን በምጽፍበት ሳምንት 14 ሆኗል። አስፋልቱን ግን ገና ብቻቸውን አልተሻገሩም።